ዕረፍት የማያውቀው ባለቤቴ

ባለቤቴን የቀበርን ዕለት፣ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ «ዕረፍት የማያውቅ፣ ሌት ከቀን ሲደክም የኖረ ታታሪ ሠራተኛ ነበር» ተባለ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ግራና ቀኝ የደገፉኝ ሴቶች ልቅሶ መስሏቸው ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። ልቅሶም ነበር። ለአንድ አፍታ ግን ያፈነኝ ሳቅ ነው። እዚያ ሳጥን ውስጥ የተኛው ሰው ከተጋባን ጀምሮ ምሳውን በልቶ ሳይተኛ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። መንግሥት ሲለወጥ ተኝቷል። አለቃ ሲሻር ተኝቷል። የተነበበለትን ቢሰማ ብድግ ብሎ ያርመው ነበር፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ባይሆን።

መቼም ጎንደር ውስጥ ሰነፍ ሰው ሞቶ አያውቅም። እስካሁን በቆምኩባቸው ቀብሮች ሁሉ የተቀበሩት ታታሪዎች ናቸው። ሰነፎቹን የት እንደምንቀብራቸው የሚያውቅ ቢኖር ይንገረኝ። ባለቤቴ ከእነሱ አጠገብ ቢያርፍ ደስ ይለው ነበር፤ ቢያንስ ጎረቤቶቹ አይንጫጩበትም።

ጽሑፉን ያነበበው ሰው የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ወደ ጎንደር ከተመለሰ ቆይቷል። ድምፁ አሁንም አልደከመም። በደርግ ጊዜ ይኸው ሰው፣ በዚሁ ድምፅ፣ ባለቤቴ ሰነፍ መሆኑን ለስብሰባ አስረድቶ ወደ ቆላ ሊያወርደው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከልቡ ነው የተናገረው። ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቷል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእርማት ያህል ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን አንድ አንቀጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሹን፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብዕሩን ይዤ መቀመጥ ብቻ።

ያኔ ሁለታችንም አራዳ ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር። እሱ የአፈር ጥበቃ ባለሙያ፣ እኔ ታይፒስት። ሲያስፈልግ ደግሞ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ሁልጊዜም ያስፈልግ ነበር። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ማክሰኞ የሠራተኛ ማኅበር፣ ረቡዕ የዘመቻ ኮሚቴ፣ ሐሙስ የሰኞውን ስብሰባ የሚገመግም ስብሰባ፤ ዓርብ ደግሞ «ሥራችን ለምን ወደ ኋላ ቀረ?» በሚል ርዕስ ረጅም ውይይት። የዓርቡን ጥያቄ መልስ አውቀው ነበር። ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ይጽፋል እንጂ አይመልስም። «ጓድ» የሚለውን ቃል ከመምታት ብዛት ከጽሕፈት መኪናዬ ቁልፎች አንዱ ፊደሉ ጠፍቶ ነጭ ሆኖ ነበር።

ባለቤቴ የጃናሞራ ሰው ነው፤ መካነ ብርሃን አጠገብ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ተወልዶ ያደገ። ልጅ ሆኖ ዜማ ተምሯል። ዜማ የተማረ ሰው ትንፋሽ የት ላይ እንደሚወሰድ ያውቃል። «ትንፋሽ መውሰጃውን የዘለለ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ከሁሉም ይበልጣል» ይለኝ ነበር፤ «መጨረሻው ላይ ነው የሚጠፋው።» ሥራውንም እንደዚያ ነበር የሚይዘው። ጠዋት ተነሥቶ የዕለቱን ዋና ነገር ይመርጣል፣ እሱን ይሠራል፣ ምሳ ይበላል፣ ይተኛል። ከዚያ ከተነሣ በኋላ የቀረ ነገር ካለ ያየዋል። ብዙ ጊዜ አይኖርም።

እኔን ሳያገባ በፊት ለሥራ ቆላ ወርዶ ሳንጃ ተመድቦ ነበር። ሰሊጡን አይቶ፣ ሙቀቱን ቀምሶ፣ በሰው ሸክም ተመለሰ። ንዳዱ ሲለቀው ጣፊያው እንዳበጠ ቀረ። ያከመው ሐኪም፣ «ሁለተኛ ቆላ እንዳትወርድ፤ ይህ ጣፊያ ሌላ ወባ አይችልም» ብሎታል። ለጋብቻ ሲጠይቀኝ ከነገረኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

«አልሰክርም፣ አልደባደብም፣ ሳንጃ አልወርድም» አለኝ።

በሦስቱም ተስማማሁ።

የዘመቻው አስተባባሪ፣ ያ ቀብሩ ላይ ያነበበው ሰው፣ ግን ሙሉ ጤነኛ ነበር። ስሙን አልጽፈውም። ባለፊሽካው ልበለው፤ ያኔም ከኋላው የምንለው እንደዚያ ነው። ካኪውን ለብሶ፣ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቼው «ወዴት ነው ጓድ?» ብለው፣ ሳይቆም «ስደርስ እነግርሻለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። መቀመጥን ግን የአድኃሪ ሥራ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ወንበሩ እንኳ አዲስ እንደሆነ ነው ያረጀው።

በዚያ ዓመት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ተራራ እርከን እንዲሠራለት ተወሰነ። ተራራው ተራቁቷል፤ በየክረምቱ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የገበሬውን አፈር ይዞ ገደል ይገባል። የድንጋይ ካብ በተዳፋቱ ላይ ደረጃ በደረጃ ቢሠራ ውሃው ይሰክናል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ የሚጀምረው ፊሽካው ሲነፋ ነው።

የአካባቢው ገበሬ በሙሉ ወጣ። እኛም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ቀርተን በካሚዮን ተጭነን እንሄድ ነበር። ጤዛው ሳይረግፍ ፊሽካ ይነፋል። ከዚያ መፈክር። ከመፈክሩ በኋላ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ የሥራ ድልድል፤ ድልድሉ ካላማረ ደግሞ እንደ አዲስ ድልድል። ዶማው የሚነሣው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም፣ ሰው ሁሉ ሲደክመው ነው። ከላይ ያለው ረድፍ የሚያወርደው አፈር ከታች ያለው ረድፍ ያጸዳውን ቦይ ይደፍነዋል። የታችኛው ረድፍ ያንኑ አፈር እንደገና ያወጣዋል። ባለፊሽካው መጀመሪያ የወጣውንም፣ ተደፍኖ እንደገና የወጣውንም ሥራ ብሎ ይይዝ ስለነበር የተራራው አፈር ከተራራው በልጦ ሪፖርት ተደርጓል። እኔው ነኝ የመታሁት።

ሥራው ከመንገዱ ዳር ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር የሚወጣው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏላ።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሲባጎና አንድ ውሃ ልክ ይዞ ይዞራል። ዘንጎቹን ያቆማል፣ ሲባጎውን ይወጥራል፣ ውሃ ልኩን ያያል፣ ድንጋይ አስቀምጦ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ይቀመጥና ተራራውን ያያል። ተራራውን ማየቱ ነበር ባለፊሽካውን ያሳበደው። ገበሬዎቹ ባለገመዱ ይሉት ነበር። ባለፊሽካውና ባለገመዱ በአንድ ተራራ ላይ፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ሰው መገመት ይችላል።

ረቡዕ ዕለት የዘመቻ ኮሚቴው ለባለቤቴ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ። ለማያውቀው፣ ሂስ ማለት ሌላው ሰው ሲሰድብህ ነው፤ ግለ ሂስ ማለት አንተው ራስህን ስትሰድብ። ሁለተኛው ቶሎ ስለሚያልቅ ይመረጣል። እኔ በአዳራሹ ጥግ ከብዕሬ ጋር ተቀምጫለሁ።

«ጓድ ባለሙያ፣ በሥራ ሰዓት ተቀምጠህ ታይተሃል። ግለ ሂስህን አቅርብ» አለ ባለፊሽካው።

ባለቤቴ ተነሣ። «እውነት ነው፣ ተቀምጫለሁ» አለ። «ቆሜ ባየው ጥሩ ነበር። ግን ቆሜ ሳይ ጉልበቴን ነው የማስበው፤ ተቀምጬ ሳይ ተራራውን አስባለሁ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀና በሳል ሸፈነው።

«ሥራውን ከታች ሳይሆን ከላይ እንጀምር ብለህ ሕዝቡን አወናብደሃል። ለምን?»

«ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ስለሆነ ነው።»

«እንግዶቹ የሚመጡት ግን ከታች ነው» አለ ባለፊሽካው።

ዓይኑን ሳያሽ ነው ያለው። ሳይቀልድ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም «ጭብጨባ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ቀጥሎ፣ ከተራራው አናት በታች የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረ የታችኛው ካብ ሁሉ ለአንድ ከባድ ዝናብ እንደማይቆም አስረዳ። ቦዩ ረጅም እንዳልሆነ፣ ብዙ ሰውም እንደማይፈልግ፣ ልኩ ግን መስተካከል እንዳለበት ተናገረ። ከመንገድ ይታያል ወይ ተባለ። አይታይም አለ።

ቅጣቱ ወዲያው ተወሰነ። ባለሙያው ከሕዝቡ ተለይቶ ወደ ተራራው አናት እንዲወጣ፣ ዋናውን ሥራ የሚያዘገዩ ሽማግሎችና አቅመ ደካሞች አብረውት እንዲመደቡ፣ እዚያም ከዓይን ርቆ ያሻውን እንዲቆፍር። ማታ ቤት ስንገባ ፊቱን እያየሁ ነበር። ጫማውን አውልቆ «ጥሩ ስብሰባ ነበር» አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ያለውን ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ምሳውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ከታች ፊሽካው፣ መፈክሩ፣ ዶማው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠራ አገሩ ይናወጣል። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ሄዶ አናቱ ላይ ንፋሱ ብቻ ቀረ። ሽማግሎቹ በአንድ መስመር ሆነው ይቆፍራሉ፤ ሲደክማቸው ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ማንም ማንንም አያዝም። ሲባጎው ከፊታቸው ተወጥሯል፤ የሚቆፍሩት እሱን እያዩ ነው። አፈሩን ቁልቁል ባለው በኩል እየከመሩ ስለሆነ የወጣው ተመልሶ አይገባም።

እግራቸው የሚያነክስ፣ አያ የሚሏቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ። እኔን ሲያዩ ዶማቸውን ተደገፉ።

«ምነው ልጄ፣ አንቺንም ቀጡሽ?»

«ምሳ ይዤ ነው የመጣሁት፣ አያ።»

«ሸጋ አደረግሽ። እኛማ ተቀጥተን ነው። እግሬ ቢያነክስ ከሕዝብ ለዩኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ጆሮዬ አረፈ።»

«ባለፊሽካውን ማለትዎ ነው?»

«እሱማ ሸጋ ሰው ነው። ፊሽካውን ቢውጠው ምንም እንከን አይወጣለትም።» ከዚያ ወደ ታች፣ ወደሚርመሰመሰው ሕዝብ እያዩ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይል የለ የኛ ሰው። ይኸው አገር ሙሉ እየሮጠ ይታጠቃል» አሉ።

ባለቤቴ ምሳውን በላ። ሽማግሎቹም የያዙትን ቆሎና ቂጣ በሉ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሁሉም ተኙ። አንድ የጥድ ጥላ ሥር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አያ ዶማቸውን ተንተርሰው። እኔ ብቻ ነቅቼ ተቀመጥኩ። ከበታቻችን ፊሽካው ሦስቴ አራቴ ተነፋ። አንዱም አልተነቃነቀም። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ተነሥተው፣ ቀዝቀዝ ባለው አየር ጥቂት ቆፍረው፣ ገና በብርሃን ወደየቤታቸው ሄዱ። አያ ሲሄዱ «የራሴ ማሳ እኮ አለ» አሉኝ፤ ከታች ያሉት የራሳቸው ማሳ እንዳላቸው ካስታወሱ ሰንብተዋል።

ቦዩ ከእንግዶቹ መምጣት በፊት አለቀ። የታችኛው ሥራ ግን አላለቀም። እንዴት ይለቅ፤ በመጨረሻው ሳምንት ካብ መካቡ ቆሞ ለመንገዱ ቅርብ የሆኑትን ድንጋዮች ኖራ መቀባት ተጀመረ። ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ነጭ ሆነ። ማታ ማታ በካሚዮን ስንመለስ የዳቦ ቤት ሠራተኞች እንመስል ነበር። ከተቀባ በኋላ አንድ ምሽት የበልግ ዝናብ ዘነበና ኖራውን አጠበው፤ እንደገና ተቀባ። እሱም በሪፖርቱ ሁለት ሥራ ሆኖ ገባ።

እንግዶቹ መጡ። መኪኖቹ አንድ አፍታ ዝግ አሉ፤ መስኮት ተከፈተ፣ አንድ እጅ ወጣ፣ ተውለበለበ፣ መስኮት ተዘጋ። ያ ነው። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ነበር። ባለፊሽካው እስከ መጨረሻው መኪና ድረስ አብሮ ሮጠ።

የሆነው ሆኖ፣ እጁ ሲውለበለብ ባለፊሽካው አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ተራራውን እየተመለከተ ነበር፤ ለእንግዶቹ ሊያሳይ ፈልጎ። መነጽሩ ውስጥ የገባለት ግን ሌላ ነው። አናቱ ላይ፣ ጥዱ ሥር፣ ባለቤቴ በጀርባው ተንጋሎ። ከቀትር በኋላ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ በእጁ የጻፈው ረቂቅ አምጥቶ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አኖረው። ባለሙያው የሥራ ፍቅር እንዲማር፣ ካለበት ተነሥቶ ወደ ሳንጃ ይዛወር የሚል ነው። ሁለቴ አነበብኩት።

«ጓድ» አልኩት፣ «ይህ እኮ ባለቤቴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ እንደ ቆመ። «የግል ጥቅምሽን ከሰፊው ሕዝብ ጥቅም በታች እንደምታዪ እምነቴ ነው። ለዚህ ነው ለሌላ ታይፒስት ያልሰጠሁት።»

እንዳከበረኝ ነበር የሚያስበው። የሐኪሙን ቃል ነገርኩት፤ ጣፊያውን፣ ንዳዱን። «ወባን ለማጥፋት ዘመቻ ይጀመራል» አለና ሄደ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ዘንጎቹን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። «የሳንጃ ሰሊጥ ሸጋ ነው» አለኝ። እጁ ግን ጨርቁን ለቆ ሳያውቀው ወደ ግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሄደ። እዚያው ቆየ። እንቅልፉ የሰመረለትን ሰው ያን ሌሊት ሲገላበጥ ሰማሁት። በሰው ሸክም የተመለሰ ሰው በሁለተኛው ጊዜ እንዴት እንደሚመለስ እያሰብኩ እኔም አልተኛሁም።

ጠዋት ላይ ግን አእምሮዬ ጠራ። ባለቤቴ ተራራን እንደሚያውቅ እኔ ያን መሥሪያ ቤት አውቀው ነበር። አንድ ነገር ቶሎ እንዲሆን ከተፈለገ ለአንድ ሰው ይሰጣል። እንዳይሆን ከተፈለገ ለሁሉም ይሰጣል።

ስብሰባው ላይ ባለፊሽካው የዝውውሩን ጉዳይ በ«ልዩ ልዩ» ሥር አነሣው። ሊጸድቅ ትንሽ ሲቀረው እጄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ጓድ፣ ለቃለ ጉባኤው እንዲመቸኝ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ትልቅ ጉዳይ ሰፊ ውይይት አያስፈልገውም?»

ሰፊ ውይይት። የሰዎቹ ፊት ሲበራ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጉዳዩ የንቃት ስለሆነ መጀመሪያ ለውይይት ክበቡ ይቅረብ አለ። ሌላው የሠራተኛ መብት አለበትና ማኅበሩ ሳያየው አይሆንም አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ቤተሰብ የሚነካ ስለሆነ የሴቶች ማኅበር አስተያየት ይጠየቅ አለች። ባለፊሽካው ራሱ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም» ሲል የመጀመሪያው ነበር። ለሰፊ ውይይት እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ወፍ ለበረራ እምቢ ካለች እሱም ይላል።

ከዚያ በኋላ እኔ ምንም አላደረግሁም። ጉዳዩ በራሱ ይዞር ጀመር። ክበቡ ለማኅበሩ ላከው። ማኅበሩ የክበቡን አቋም ጠየቀ። የሴቶች ማኅበር የአብዮት በዓሉን እያዘጋጀ ነበር። ንዑስ ኮሚቴው ሁለቴ ተጠርቶ ሁለቴም አልሞላም፤ አባላቱ ሌላ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔ በየጊዜው «በይደር ታለፈ» ብዬ መታሁ። ስመታ እጄ አይቸኩልም ነበር። ያን ክረምት እያንዳንዱ «ይደር» ባለቤቴን አንድ ሳምንት ቤቱ አሳደረው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ዘነበ። አንድ ሌሊት ጎንደር ውስጥ እንኳ ጣራው ሊበረቀስ ደርሶ ነበር። በማግስቱ ባለቤቴ ካፖርቱን ደርቦ፣ አብሬው ካልሄድኩ ስላልኩት እኔንም አስከትሎ፣ በካሚዮን ወደ ተራራው ሄደ። መቀልበሻው ቦይ ያለበት ወገን ውሃውን በጎን ወስዶ ወደ ሸለቆው ጥሎታል፤ ከሥሩ ያለው ካብ ቆሟል። ቦዩ ያልደረሰበት ሌላው ወገን፣ ያ ነጭ የተቀባው፣ ከነኖራው መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ባለቤቴ ከተናደው አንድ ድንጋይ አንሥቶ መንገዱ ዳር አኖረ። ያ የተናደ ድንጋይ የስንት ሰው ወገብ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

አያም መጥተው ነበር፣ ነጠላቸውን ተከናንበው።

«ምነው አያ፣ በዚህ ዝናብ?» አላቸው።

«ውሃውም እንደኛ ተቀጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ» አሉ።

መንገዱ ተዘግቷልና አዲስ ዘመቻ ታወጀ፤ የመንገድ ጠረጋ ዘመቻ። ማን መራው? ፊሽካው ዝናብ ገብቶበት ድምፁ ቢሻክርም ነፋ። ራሱ ያስቆለለውን ድንጋይ ራሱ አስነሣና ለፈጣን ዘመቻ አመራር ተመሰገነ። የምስጋናውን ደብዳቤ የመታሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

መስከረም ላይ ሌሎች እንግዶች መጡ፤ እነዚህ ወረዱ፤ የቆመውን ወገን ፎቶ አነሡ። ካቡ ላይ ሣር በቅሏል፣ ከሥሩ ያለው ገብስ አምሯል። ባለፊሽካው አንድ እግሩን ካቡ ላይ ሰቅሎ ፎቶው ውስጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ በዕድገት ተዛወረ። እኔ ቤት ገብቼ እሳት ለበስኩ።

«አንተ ምንም አትልም?» አልኩት።

«ምን ልበል? ውሃው ቆሟል።»

«ሾሙት እኮ!»

«አዲስ አበባ ቆላ አይደል፤ ይመቸዋል» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ምሳ በልቶ ነበር።

ባለፊሽካው ሊሄድ ሲል ሊሰናበተን በየቢሮው ሮጠ። እኔ ጋ ሲደርስ በሩን ይዞ፣ «ያ ጉዳይ የት ደረሰ?» አለኝ።

«ሰፊ ውይይት ላይ ነው፣ ጓድ።»

«በርቱ» አለኝና ሄደ።

ረቂቁ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ። አዲሱ አለቃ የራሱ ዘመቻ ነበረው። ብዙ ቆይቶ፣ ባለቤቴ የሌላ ተራራ ንድፍ የሚሥልበት ወረቀት አጥቶ ቢሮዬ ሲመጣ አውጥቼ ሰጠሁት። ፊቱን አንብቦ ገለበጠው። «ጀርባው ንጹሕ ነው» አለ፣ እዚያው ቆሞ እርሳሱን ቀረጸ።

ከዚያ በኋላ አብረን ኖርን። ብዙ ኖርን ማለት ነው፤ ልጆች ወልደን፣ ያ መንግሥት ሄዶ ሌላ መጥቶ፣ ሁለታችንም ጡረታ እስክንወጣ። አንድም ቀን ሳንጃ አልወረደም። ሲሞትም በንዳድ አልሞተም። ምሳ በልቶ ተኛ፤ አልተነሣም።

ባለፊሽካው ከተዝካሩ በኋላ ሊጠይቀኝ መጣ። ሽበቱ ሙሉ ነው፤ አካሄዱ ግን ያው። ወንበር ሰጥቼው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እንዲህ ቁጭ አትበይ» አለኝ። «ቁጭ ማለት ሐዘን ያከብዳል። የዕድሩ የሴቶች ኮሚቴ ሰው ይፈልጋል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ገንዘብ የሚያሰባስብ ቡድን አለ፣ እኔው አስገባሻለሁ። ሥራ ያስረሳል።»

«አንተን አስረሳህ?» አልኩት። ሚስቱ ከእኔ ባል ቀድማ እንደሞተች አውቃለሁ።

ወንበሩን ተደገፈ። ካወቅሁት ጀምሮ ወንበር ሲደገፍ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ቁጭ ስል ነው የሚመጣብኝ» አለ። «ስለዚህ አልቀመጥም።» ከዚያ ሰዓቱን አየና ተነሣ። የሕይወት ታሪኩን ለምን እንደዚያ እንደጻፈው ገባኝ። ከሚያውቀው ሁሉ ትልቁን ስጦታ ነው ለባለቤቴ የሰጠው፤ ባለቤቴ ባይፈልገውም።

«ወዴት ነው፣ ጓድ?» አልኩት በሩ ላይ።

ዞር ብሎ አየኝ፤ ቀልዱን አስታውሶት እንደሆነ አላውቅም። «ስብሰባ አለብኝ» አለ።

ወደ ኮሚቴው አልገባም። ሥራ ያስረሳል ይሉኛል፤ ማን መርሳት ፈለገ? ያን ክረምት ባለቤቴን በዝግታ አቆይቼዋለሁ፤ አሁንም ማቆያ ያለኝ ይኸው ዝግታ ነው። ቶሎ ብጽፈው ቶሎ ያልቃል። ዘንጎቹ ከበሩ ኋላ ቆመዋል፤ ሲባጎው አንዱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ውሃ ልኩን መስኮቱ ላይ አድርጌዋለሁ። አረፋዋ ዛሬም መሐሉ ላይ ናት፤ ቤቱ አልዘመመም።

ምሳዬን በልቻለሁ። አሁን አልጋው ላይ በእሱ በኩል እተኛለሁ።